የዳገት ደቂቃ፣ የቁልቁለት ደቂቃ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

የመጽሔቱ አዘጋጆች ጽሑፋችንን ተቀበሉት። ኢሜይሉን ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ጥቂት የፊደል ግድፈት አርሙ፣ የመጨረሻውን ቅጂ እስከ እሑድ ላኩ ይላል። ስምንት ወር የጠበቅነው ይኸው ነው።

አብሮኝ ለጻፈው ለከድር ቢሮው ሄጄ ነገርኩት። አልሐምዱሊላህ አለና ቀጥሎ፣ ማመልከቻው ቅዳሜ እንደሚዘጋ አስታወሰኝ። ውጭ አገር ለዶክትሬት እየተወዳደረ ነው፤ ቅጹ ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ካለህ ጥቀስ ይላል። ደሴ ላሉት እናቱ እዚያው ደወለ። እኔ ይጁቤ ወላጆቼ ቤት አልደወልኩም። አባቴ ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም፤ ማስረዳቱን ሳስበው ደከመኝ።

እዚህ ልሞክረው። ክትባት የጫነ መኪና ከማርቆስ ተነሥቶ ጤና ጣቢያዎቹን ሁሉ አዳርሶ ይመለሳል። በየትኛው ቅደም ተከተል ቢሄድ ቶሎ ይጨርሳል? ቦታዎቹ ሲበዙ ከሁሉ አጭር የሆነውን ዙር መፈለግ ኮምፒውተርንም ያደክማል። የእኛ ስልት ፈጣን ነው፤ የሚሰጠው ዙር ሁልጊዜ አጭሩ ባይሆንም፣ ከአጭሩ እጥፍ አይበልጥም። ፕሮግራሙን የሠራው ከድር ነው። “ከእጥፍ አይበልጥም” የሚለውን በሁለት ገጽ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ጽሑፉ አንድ የመንገድ ፎቶ ስለጎደለው ከክትባት መኪናው ጋር ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሾፌሩ አያ ጥላሁን ይህን መንገድ ፀጉራቸው ሳይሸብት ጀምሮ ነው የሚያውቁት። ዝናብ። ዳገቱን አብዛኛውን በአንደኛ ማርሽ ወጣነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሣጥኖቹ እስኪወርዱ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ቦታዎቹ ነጥብ ናቸው፣ መንገዶቹ መስመር፤ በየመስመሩ ላይ ደቂቃ ተጽፏል። መነጽራቸውን አውጥተው ረጋ ብለው አዩት።

“ይኼ ሲወጡ ነው ሲወርዱ?” አሉኝ።

አማካይ ነው አልኳቸው። የመውጫውንና የመውረጃውን ደምረን ለሁለት አካፍለን።

“እኔ በአማካይ ነድቼ አላውቅም፣ ልጄ።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሲወጣ አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብን፤ ሲወርድ ሃምሳ ደቂቃ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልሳ አምስት ነው። ማርቆስ ስገባ ፎቶውን እንደረሳሁት ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ጠዋት ነጭ ሰሌዳው ላይ አራት ነጥብ በክብ ሣልኩ። በቀኝ በኩል ለሚዞር፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ አሥር አሥር ደቂቃ። ወደ ግራ ለሚመለስ፣ ሠላሳ ሠላሳ። አማካዩን ስወስድ ሁሉም ሃያ ሆነ። ስልታችን የሚያየው አማካዩን ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሻል አያውቅም። መኪናውን ወደ ግራ ቢልከው፣ በአርባ ደቂቃ የሚያልቀውን ዙር በመቶ ሃያ ይጨርሳል። ሦስት እጥፍ።

ለማንኛውም እንደገና ደመርኩት፤ ያው ነው።

ከድርን ጠርቼ አሳየሁት። ገጽ ሦስት ላይ “ጊዜው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው እንበል” ብለን ጽፈናል፣ ያልተናገርነው ነገር የለም አለ። እውነቱን ነው። ግን ርእሱ “ለደጋ መንገዶች” ይላል። ደጋ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሆነ መንገድ የት አለ? መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያለ እሱ ማረጋገጫው አልቆም ብሎኝ ነበር።

“ማመልከቻው ቅዳሜ እንደሚዘጋ እያወቅሽ ነው የምትነግሪኝ?” አለ። ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

አማካሪያችን ዶክተር ምናሉ ዘንድ ገባሁ። አራቱን ነጥቦች ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። አልተከራከሩኝም። ግምቱን በግልጽ እስከጻፋችሁት ድረስ ስሕተት አይባልም፣ ሁሉም ሰው ግምት ይወስዳል፣ ቀጣዩ ጽሑፍ ላይ ታሻሽሉታላችሁ አሉ።

“ገምጋሚዎቹ ያልጠየቁሽን ለምን ታነሺዋለሽ?”

“ሾፌሩ ጠይቀውኛል” አልኳቸው።

ወረቀቱን መለሱልኝ። ቀጥለውም ጽሑፉ የሁለታችሁ ነው፣ ተነጋግራችሁ ወስኑ ብለው አሰናበቱኝ።

የምነጋገረው ሰው የለም። ከድር ለምሳ አልመጣም፤ ሁለቴ ደወልኩ፣ አላነሣም። እኔ ብቻዬን ብሆን ውሳኔው ቀላል ነበር። እኔ የማጣው አንድ ጽሑፍ ነው። እሱ የሚያጣው አንድ ዓመት ነው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ዝም ብዬ ብልከውስ ብዬ አሰብኩ። ማሰቤን እዚህ መጻፍ አለብኝ። ከሰዓት በኋላ ፋይሉን ከፍቼ የፊደል ግድፈቶቹን አረምኩ፤ መላኪያው ገጽ ላይ ደርሼ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ቢሮ ስደርስ ከድርን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታ የለም። ሁለት ወረቀት ሰጠኝ።

ከመኪናው ጂፒኤስ የስድስት ወሩን ጉዞ አውጥቶ መውጫውንና መውረጃውን ለየብቻ አስቀምጦታል። ሮብ ገበያ ሲወጣ ከአማካዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበልጣል፤ ሲወርድ አሥራ አምስት ያንሳል። ይህንንማ አውቃለሁ አልኩት።

“መኪናው ግን ተመልሶ ማርቆስ ይገባል” አለ። “የወጣውን ሁሉ ይወርደዋል። የጨመረው ይቀነሳል።”

ሰሌዳው ላይ ያለውን የእኔን ክብ በጣቱ ዞረው።

“ሁልጊዜ እየወረድሽ የተነሣሽበት የምትደርሺበት ተራራ አለ?”

የለም። ቁጭ አልኩ። ልዩነቱ ከከፍታው ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ዙሩ በተዘጋ ጊዜ ልዩነቶቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በአማካይ የተቆጠረው ዙርና በእውነት የተነዳው ዙር ድምራቸው አንድ ነው። ለእነዚህ መንገዶች “ከእጥፍ አይበልጥም” ያልነው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አናውቀውም ነበር።

ለጁምዓ እስኪሄድ ድረስ አብረን ፈተሽነው። መንገዶቹ ዙር የሚሠሩበትን ቦታ ሁሉ እየወሰድን፣ በቀኝ ሲዞሩና በግራ ሲዞሩ የሚፈጀውን አወዳደርን። በጥቂት ደቂቃ ልዩነት እኩል ናቸው። ከአንዱ በቀር። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ የዋልካ፣ የጥቁር አፈር መንገድ አለ፤ በክረምት ይወረድበታል እንጂ ጭቃው አያስወጣም፤ መኪናው ዞሮ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ የእኔ ክብ እውነት ነው።

አዲሱን ማረጋገጫ በግማሽ ገጽ ጻፍኩት። አሁን የምንለው ነገር ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ላለባቸው መንገዶች ነው፤ የዋልካው መንገድ በክረምት አይካተትም። ሐሳቡ የአንተ ነው፣ ስምህ ይቅደም አልኩት። ጫማውን አስሮ ለጁምዓ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጻፍን። የጻፍነው፦ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ጉድለት አግኝተንበታል፤ አስተካክለነዋል፤ ዋናው ድምዳሜ ጠብቧል፤ እባካችሁ ገምጋሚዎቹ እንደገና ይዩት። ውድቅ ሊያደርጉትም ይችላሉ።

ረቂቁን ከድር ጎኔ ተቀምጦ አነበበው። “ትንሽ ጉድለት” ከሚለው ውስጥ “ትንሽ” የሚለውን አጠፋው። ሌላ ምንም አልነካም። አምስት ሰዓት ላይ ላክነው። የስሞቹን ቅደም ተከተል ቀይሬ ነበር፤ አየው፣ እንዳለ ተወው።

ማመልከቻው እስከ ማታ ክፍት ነው። ቅጹ ላይ ምን እንደሚጽፍ አልጠየቅሁትም። እስከ ትናንት ቢሆን “ተቀባይነት አግኝቷል” ብሎ ቢጽፍ ማንም ውሸታም አይለውም ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

የሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ከአዘጋጆቹ ምንም የለም፤ እሑድ ስለሆነ አልጠበቅሁም።

ከድር ቅጹን ፎቶ አንሥቶ ልኮልኛል። በጽሑፉ ስም ትይዩ “እንደገና በግምገማ ላይ” ይላል። ከሥሩ ምንም አልጻፈም።

ምን ብዬ እንደምመልስ ቸገረኝ። ይቅርታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። አመሰግናለሁ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ፣ የዋልካውን መንገድ ስሌት ለመጀመር ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እሆናለሁ አልኩት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መለሰ። “እኔም” ይላል።