ሮስኮ፣ የእኔን ስምንት ገጽ እንዳታነብ

ሮስኮ፣

ችሎቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ስለሚዘገይ ሁለት ሰዓት ላይ ውጣ። ሸሚዝህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምድጃው ውስጥ የበቆሎ ዳቦ አለ። ብላ፤ በባዶ ሆድህ ስትናገር ድምፅህ አይሰማም።

ዓቃቤ ሕጉ የወንጀል መዝገብህ እንዲሰረዝ ያቀረብነውን ጥያቄ ተቃውሟል። ደብዳቤው የደረሰው ሰኞ ነው፤ የደበቅኩብህ እኔ ነኝ። "አመልካቹ ጥፋቱን አያምንም" ይላል። ማስረጃ ያደረገው እኔ በአንተ ስም የጻፍኩትን አቤቱታ ነው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው አንድ ገጽ ነበር፤ እኔ ስምንት ገጽ ሙሉ ፖሊሱን፣ ዳኛውንና ሕጉን ከሰስኩበት። አንድም ውሸት የለበትም። ከዚያ ላይ ዛሬም አንዲት ቃል አልቀንስም።

አንተ ግን እዚሁ ወጥ ቤት፣ "ፕሮፌሰሯ፣ መኪናውን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። እሱን ጻፊና ተይኝ" ብለኸኝ ነበር።

"ለእነሱ አትንበርከክ" አልኩህ። ሥራ የሚከለከለው ግን አንተ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ራስህ በእጅህ የጻፍካትን አንድ ገጽ አልጣልኳትም። ፋይሉ ውስጥ ከላይ አለች፤ አንድም ቃል አላረምኩም። ዳኛው ሲጠይቅህ እሷን አንብብ። ዛሬ ከከለከለህ የምትጠብቀው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ ቀረ፤ እንደገና ለማመልከትም ዓመታት መጠበቅ ነው።

አብሬህ አልመጣም። ከኋላህ ተቀምጬ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለህ። አክሮን ከተማ፣ እህቴ ቤት ነኝ።

ስምንቱን ገጽ ማን እንደጻፈው ከጠየቁህ ስሜን ንገራቸው። ሙሉ ስሜን።

ቨርኔታ