አራቱ የምድጃ ቃጠሎዎች

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የአንገትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ማሽኑ ላይ እንዳጎነበስሽ ነው የምትውይው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቢያንስ የደም ግፊት መለኪያው እንደዚያ ይላል። ይህን በአካል መጥቼ ያልነገርኩሽ ታለቅሺና ማባበሉ እኔ ላይ ስለሚወድቅ ነው። በዚህ ልማዳችን ሁልጊዜ አጥፊዋ አንቺ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ሆነን ኖረናል።

እሑድ ምሳ ጋብዘሽኛል፤ የምሥራች አለኝም ብለሻል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የማክሰኞ ውሎዬን ልንገርሽ።

ሥራ ከቀየርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለምደው ላስገርምሽ ብዬ ነበር። እናንተ ጋ ያለው የሌዘር ማሽን ሲበላሽ ደንበኞቻችሁን ከነካርዳቸው የላካችሁት አሁን ወደምሠራበት ክሊኒክ ነው። አንቺ ፈቃድ ላይ ስለነበርሽ ካርዶቹን መርጦ የሚያስቀር ሰው አልነበረም። አራተኛውን ካርድ ገለጥኩት። ንቅሳት ማጥፋት፤ ግራ ክንድ፤ አራት ፊደል ይላል። ፊደሎቹም ተጽፈዋል፦ እታለም።

በዚህ ዓለም እታለም ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁለት ነው። አንቺ አፍ ከፈታሽ ጀምሮ፣ አብሮኝ ይኖር የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ካንቺ ሰምቶ።

አምስት ዙር፣ በየስምንት ሳምንቱ፣ ሁሉም በአንቺ ጽሕፈት። የሰባት ቁጥርን ወገብ መሰረዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ከአንድ ጋር እንዳይምታታብሽ። ጉድ ያፈላው ግን ስምንቱ ሳምንት ነው። ሌዘሩ ቀለሙን ያደቅቀዋል እንጂ አያወጣውም፤ ድቃቂውን ጠርጎ የሚወስደው ሰውነት ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ አይቸኩልም። ስለዚህ ወደ ኋላ መቁጠር ቀላል ነው። ጋጋሪው «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ብሎኝ ከሄደ ሦስት ወሩ ነው። የመጀመሪያው ዙር የተሠራው ግን ከዘጠኝ ወር በፊት። ቤቴ እያደረ አራት ጊዜ ተተኩሶበታል ማለት ነው።

አራት ጊዜ «ምድጃ አቃጠለኝ» ብሎ መጥቷል። አራት ጊዜ ቅባት ቀብቼ፣ ፋሻ ጠቅልዬ፣ ዳቦ ጋጋሪ ማፍቀር ጣጣው ብዙ ነው እያልኩ ሥቄያለሁ። ፊደሎቹ ሲደበዝዙ እሳቱ በላቸው አለኝ፤ አመንኩት። የምድጃ ቃጠሎ ላይኛውን ቆዳ እንደሚያበላሽ፣ የንቅሳት ቀለም ግን ከሥር ተደላድሎ እንደሚቀመጥ ለደንበኛ በየቀኑ የምሰብከው እኔ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ሙያዬን ቤት ስገባ ከጫማዬ ጋር በር ላይ ሳወልቀው ኖሬያለሁ። በሁለተኛው ቃጠሎ ቀን አንቺም ነበርሽ። ፋሻውን ጫፉን ይዘሽልኝ፣ «እታለም፣ ረዘም ያለ ጓንት ግዢለት እንጂ» አልሽኝ። ገዛሁለት።

ቢሆንም መጀመሪያ ተከራከርኩልሽ። የታካሚ ምስጢር ነው፤ ለእናቷም ቢሆን አትናገርም፤ እንደዚያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ።

ከዚያ ሰውዬው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ሲያየኝ ፊቱ ያልበሰለ ሊጥ መሰለ። ሊመለስ ሲል ተቀመጥ፣ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው አልኩት። የዓይን መከለያውን አደረግሁለት። የሌዘሩን ጉልበት ከፍ ላድርገው ብዬ አላሰብኩም ብልሽ ውሸት ነው፤ እጄ ማስተካከያው ላይ ትንሽ ቆይታለች። የጨረሩ ምት እንደዚያ አጭር የሆነው ቀለሙ ሲደቅ ሙቀቱ ወደ አጠገቡ ሥጋ ለመሻገር ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ጉልበቱ ከልክ ካለፈ ግን ምንም ያላጠፋው ቆዳ አብሮ ይቃጠላል። አንቺ የጻፍሽውን ቁጥር እንዳለ ተውኩት። ልክ ነበር። ሥራሽ ንጹሕ ነው፤ ይህን እንኳ አልክድሽም።

መሐል ላይ ጥርሱን ነክሶ፣ «የእሷ እጅ ቀለል ይላል» አለኝ።

ሲወጣ ስድስተኛውን ዙር ካንቺ አምስት መስመሮች ሥር ጻፍኩና ካርዱን ገለበጥኩት። ከጀርባው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠራ የቅርብ ሰው የሚል ቦታ አለ። እዚያ የተጻፈው ስልክ የማን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቃሌ የያዝኳቸው ቁጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የራሴ ነው። ክርክሬም እዚያ ላይ አበቃ።

እሑድ አልመጣም። የምሥራቹን ሰምቻለሁ።

ፋሻው በየቀኑ ይቀየር። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ፤ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ፀሐይ አያግኘው። ይህን ሁሉ ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ፤ ግን ለታካሚው ቤተሰብ መንገር የሥራዬ ግዴታ ነው።

አንገትሽን ይማርልሽ። እጅሽ ይባረክ። የምታምኚውን ሰው አያሳጣሽ።

ታላቅሽ