ባለ ቢጫ ክንዱ ፉጨተኛ

ብራሽ ሪጅ፣ ፔንሲልቬንያ
ቅዳሜ፣ ጁን 14 ቀን 2003

ከልጅነቷ ጀምሮ ምክር ሰምታ ለማታውቀው፣ ግን አብዝቼ ለምወዳት ለወንድሜ ልጅ ለማርሊስ፤

እንዴት ነሽ? ያ የምትኖሪበት የአሸዋ አገር እስካሁን እንደ ቋንጣ አላደረቀሽም? እኛ አለን። አባትሽ ደህና ነው፤ እኔም ከእሱ ጋር እየኖርኩ ደህና መሆን የሚቻለውን ያህል ደህና ነኝ። ስልክ ያልደወልኩት ሰንፌ አይደለም። እኔ የሳሎኑን ስልክ ሳነሳ እሱ የማድ ቤቱን አንስቶ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፤ እሱን ማማት ደግሞ የሚጥመው ሳይሰማ ነው። ፊደሎቼ ትልልቅ ሆነው ብታገኚያቸው አትገረሚ፤ እስክሪብቶው ወፍራም ነው።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ክፍል የያዝሽለት ለእሱ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን ደውለሽ «አባቴ አይመጣም» በያቸው። ሻንጣውን ፈትቷል። እንዴት እንደፈታው ሳልነግርሽ ግን አልለቅሽም፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርሩት ከርመዋል፤ እሱም፣ እነዚያ ድመት የሚያህሉ ጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ ፉጨተኞቹም።

መሐላውን ታስታውሻለሽ። አያትሽ ዓይኑ ደክሞ ሳለ አልደከመም ብሎ፣ የወይዘሮ ሆስቴትለርን የወተት ጋን ፉጨተኛ መስሎት በጥይት የበሳ ዕለት ነው። አንቺ አሥር ዓመትሽ ነበር፤ ቼሪ ዛፉ ላይ ሆነሽ ፍሬውን እየተፋሽብን ነበር። አባትሽ በረንዳው ላይ ቆመና፣ «ስሙኝ! እኔ እንደ አባቴ መሳቂያ አልሆንም። ከዚህ ወንበር ላይ፣ ያለ መነጽር፣ ላይኛው አጥር ሥር አንድ ፉጨተኛ ሳላይ ድርቆሹ የታጨደበት ዓመት፣ ጠመንጃዬንና የእርሻውን ቁልፍ አስረክቤ ከተማ እገባለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ያኔ እዚያ ኮረብታ ላይ ፉጨተኛ አላየሁም ማለት፣ ዝናብ እየደበደበሽ ውሃ የት አለ ብሎ እንደመጠየቅ ነበር። በየጉድጓዳቸው አፍ ላይ እንደ ጠገበ ሰባኪ ሆዳቸውን ነፍተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሰው ሲያዩ ፉጭ አድርገው ይሰወራሉ። የላሟን እግር የሚሰብረው ጉድጓዳቸው፣ የትራክተሩን ጎማ የሚውጠው ጉድጓዳቸው። በየኤፕሪሉ እጅ መንሻ የፍራፍሬ ፓይ ይዘን በየገበሬው በር ስናንኳኳ፣ እኛ ለማደን ፈቃድ ሳንጠይቅ እነሱ «እባካችሁ ኑልን» ይሉን ነበር።

ዘንድሮ የለም። አንድም የለም ስልሽ።

አባትሽ ከሜይ መባቻ ጀምሮ ቁርሱን በልቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ኮረብታውን ያያል። ምሳውን እዚያው፤ ቡናውን እዚያው። በሦስተኛው ሳምንት፣
«ኤልዉድ፣ ዓይኔ ሄደ» አለኝ።
«ዓይንህ አልሄደም። የሄዱት እነሱ ናቸው።»
«ልታጽናናኝ ነው?»
«እኔ መቼ አጽናንቼህ አውቃለሁ?»
«እሱስ እውነትህን ነው» አለና ፊቱን ወደ ኮረብታው መለሰ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። «ግድግዳ ላይ ፊደል ባነብ ምን ያደርግልኛል? ፊደል የድርቆሽ ሣር አይበላ!» አለ። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ምን ይባላል? ወጥቼ ጉድጓዶቹን ፈተሽኩ። የድሮውን ዘዴ ታውቂዋለሽ፤ በየጉድጓዱ አፍ ሣር ትወትፊያለሽ፣ ባለቤት ካለው በማግስቱ ገፍቶ ያወጣዋል። ሃያ ሦስት ጉድጓድ ወተፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሣሩ እንደተወተፈ ደርቆ ነበር። አንዱ ብቻ ተገፍቶ ወጣ፤ ደስ ብሎኝ ጎንበስ ስል ከውስጥ ሽታው የሚገድል ስካንክ የሚሉት አውሬ ተቀበለኝ። አባትሽ አንድ ሳምንት ከቤት አስወጥቶ ጎተራ አሳደረኝ።

ከዚያ ከሌላ እርሻ አንድ በሕይወቱ ይዤ ላመጣ ተነሳሁ። ወይዘሮ ሆስቴትለር ዘንድ ሄድኩ። የፖስታ ሳጥናቸው ዘንድሮ ወደ መንገዱ ጠጋ ያለ ይመስለኛል፤ በፒክአፕ መኪናዬ ጎን ገጨሁት።
«አንተ ኤልዉድ፣ ሳጥኔ ምን በደለህ?»
«ይቅርታ፣ እሱ ነው የመጣብኝ። ይልቅ አንድ ፉጨተኛ አይሰጡኝም?»
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርሱልኝ ስልህ ኖሬ፣ ዛሬ መልሰህ ልትለምነኝ መጣህ?» አሉና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠየም አለ። «ካለፈው ዓመት ወዲህ አላየሁም። ጎመኔን እንኳ የሚነካው የለም።»

በየቤቱ ያለው መልስ ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ግን እንደየሰዉ። አንዱ ተኩላ መሰሉ ኮዮት በላቸው ይላል። አንዱ ጭልፊት ነው ይላል። ሌላው፣ ድንበሩ ላይ የነበረው ቁጥቋጦ ሁሉ ተመንጥሮ እስከ መንገዱ ዳር በቆሎና አኩሪ አተር ተዘርቶ የት ይደበቁ ይላል፤ ይህን ያለኝ ቁጥቋጦውን የመነጠረው ራሱ ነው! እናንተ ናችሁ የጨረሳችኋቸው ያለኝም አለ። ተናድጄ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላም ንዴቴ አልበረደም፤ ምክንያቱም ሐሰት አልተናገረም።

ድርቆሹን የሚያጭደው ሰው ሊመጣ ስድስት ቀን ቀረ። አባትሽ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ ካልሲውን ሲያጣጥፍ አየሁት። ካልሲ አጣጥፎ የማያውቅ ሰው!

እዚህ ላይ ነው ሰይጣን የረዳኝ። በ1979 የእሳት አደጋ ቡድኑ ባዘጋጀው የአደን ውድድር አባትሽ የጣለውን ትልቁን ፉጨተኛ ታስታውሻለሽ፤ ቆዳው ገለባ ተሞልቶ በሁለት እግሩ ቆሞ የቡድኑ አዳራሽ ውስጥ የሚኖረውን። ልዋሰው ብሄድ የቡድኑ አለቃ ዴንቨር፣
«ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ።
«ነፋስ ላስመታው።»
«ኤልዉድ፣ ደግሞ ምን እያሰብክ ነው?»
«ወንድሜን ላድነው ነው» ስለው ከመደርደሪያው አወረደልኝ። ችግሩ፣ ግራ ክንዱ በአንድ የገና ግብዣ ላይ ተገንጥሎ ስለጠፋ በአሻንጉሊት ድብ ክንድ ተክተውለታል፤ ክንዱ ደግሞ ቢጫ ነው፣ እንደ እንቁላል አስኳል። የምድጃ ጥላሸት ቀባሁት። ሰኞ ማለዳ፣ አባትሽ ሳይነሳ፣ ላይኛው አጥር ሥር ገተርኩት።

ቁርስ ላይ ነበርን። አባትሽ ሹካውን ይዞ ብድግ አለ።
«ኤልዉድ! ኤልዉድ፣ አየሁት!»
«ምኑን?» አልኩ፣ አፌን በዳቦ ሞልቼ።
«ላይኛው አጥር ሥር! ቆሟል! ይሄ የተባረከ ሌባ!»
ጠመንጃ አላነሳም። እጁን እንኳ ወደ ጠመንጃው አልሰደደም። ቀኑን ሙሉ እንደ ልጅ ሲያየው ዋለ። እኔም በራሴ ብልጠት እየተደሰትኩ ሁለት ቁራጭ ፓይ በላሁ።

ማክሰኞ ዶፍ ጣለ። ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ጠራ፤ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል።
«ኤልዉድ።»
«አቤት።»
«ያ ፉጨተኛ ከሰኞ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»
«ጠግቦ ይሆናላ።»
«የትናንቱን ዶፍ ቆሞ ነው የጠጣው።»
«ጎበዝ ነው።»
«ግራ ክንዱ ቢጫ ነው።»
«አዎ፣ እኔም አይቼዋለሁ» አልኩ። «ታየዋለህ ወይ ብዬ ልፈትንህ ነው ዝም ያልኩት።»
«አናቱ ላይስ ምን አለ?»
ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ። «ምንም።»
«ቁራ ቆሟል» አለ አባትሽ።

በቁራው አልተከራከርኩም። ወሬውን ወደ እሱ መለስኩት፤ «እና! ከሦስት መቶ እርምጃ የአሻንጉሊት ክንድ የለየ ሰው ዓይኔ ሄደ ይላል? ፍታ ሻንጣህን!» ብዬ ጭኑን መታሁት። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። የበረንዳውን ምሰሶ ታውቂዋለሽ፤ በየበጋው ለጣልነው ፉጨተኛ ሁሉ በጩቤ ምልክት ያደረግንበትን፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ባዶ ቦታ የለውም። እጁን ሰዶ በጣቱ ዳበሰው።
«ዓይኔ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።
«ምን ማለትህ ነው?»
«ዓይኔ ቢሆን፣ እነሱ እዚያው አሉ ማለት ነበር።»

ማርሊስ፣ ተነሥቼ ቡና ቀዳሁለት።

ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ያናድደኛል። ድርቆሹ ሐሙስ ሲታጨድ ላይኛውን አጥር ተከትሎ አሥር እርምጃ ስፋት ያለውን «አትንካው፣ ቁጥቋጦ ይብቀልበት» ብሎ አስቀረው። በጣም ጥሩው የማገጥ ሣር ያለው እዚያ ነው! ዴንቨር ንብረቱን መልሱልኝ ብሎ ቢልክ፣ «የሚያልፍ ፉጨተኛ ካለ ሰፈሩ ነዋሪ አለው ይበል፤ ይቁም» ብሎ ከለከለ። አሁን ገለባው የሚፈስ፣ ቢጫ ክንድ ያለው ፉጨተኛ ኮረብታችንን እየጠበቀልን ነው። ጎረቤት ምን ይለናል?

ከሁሉ ከሁሉ ያበገነኝ ግን የፒክአፔን ቁልፍ መውሰዱ ነው። ረቡዕ ዕለት፣ ሻንጣውን ፈትቶ እንደጨረሰ፣ ከሚስማሩ ላይ አነሳና ኪሱ ከተተው። «ምነው?» ስለው፣ «መሐላው የቤቱ ነው፣ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ። እስኪ አሁን ይሄ ምን ማለት ነው? አንድ ቁራ ላላየ ሰው! ቁራውም ቢሆን ያን ጊዜ በርሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል። አንቺ ስትመጪ እኔ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥቼ ነበር የምቀበልሽ፤ እንግዲህ እሱን ትጠብቂያለሽ። ብትችይ ቼሪው ሳይረግፍ ነይ፤ ፍሬውን ስትተፊብን ማን ከየት እንደተፋ አሁንም እለያለሁ።

ያን የያዝሽውን ክፍልም ጨርሶ ሰርዢው። ለሌላ ሰውም እንዳታስቢው፤ ነግሬሻለሁ።

ከምትረግጪበት መንገድ ጉድጓዱን ያርቅልሽ፤ ከምትቀመጪበት በረንዳ ፊት ለፊት የምታዪውን አያሳጣሽ።

የሚናፍቅሽ አጎትሽ፣
ኤልዉድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታው ላይ ያለው የአባትሽ ጽሕፈት ነው። ደብዳቤውን አላነበበም፤ አድራሻውን ብቻ «አንተ ከጻፍከው ሌላ አገር ይሄዳል» ብሎ ከእጄ ቀምቶ ጻፈው። መስመሩ እንዴት ቀጥ እንዳለ እዪለት።