ድራሙ ላይ የረሳነው ብርድ ልብስ

ጎርናናው፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ቧንቧውን አጥብቀህ ዝጋው፣ ይንጠባጠባል። የሻይ ብርጭቆህን ሰብሬብሃለሁ። ይቅርታ።

ሬዲዮኑን ሰምቼ ነው።

ከታች ያለችው አራስ እንዳትረበሽ ብለን፣ ድራሜን በእናቴ ብርድ ልብስ ሸፍነን ስንለማመድ ከረምን። አልበሙን እዚሁ ሳሎን የቀዳን ቀን አራሷ እናቷ ጋ ሄዳ ነበር፤ ጆሯችን ስለለመደው ግን ብርድ ልብሱን ማንሳት ሁለታችንም ረሳነው። ያኔ "የባንዳችንን የመጀመሪያ አልበም አፈር ድሜ አበላኸው" ብለህ ወር ሙሉ ዘጋኸኝ። እሺ፣ ቻልኩት።

ዛሬ ጋዜጠኛዋ "እንዲህ ያለ ሮክ ሰምቼ አላውቅም፤ ያ የታፈነ ድራም ልብ ይነካል። የማን ሐሳብ ነው?" ስትልህ፣ ትንሽ እንኳ ሳታፍር "የኔ" አልክ! እኔ እኮ አሁን ስሜን ይጠራል ብዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር።

እናቴ ጋ ነኝ፤ አትደውል። ቅዳሜ መድረኩ ላይ እገኛለሁ፣ እንደ ወትሮዬም እመታለሁ።

ብርድ ልብሱን ግን ይዤው ሄጃለሁ። ድራሙን በሐሳብህ ሸፍነው።