በፈረንሳይኛ የተጠየቅነው

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

ዛሬ ከእህቴ ከትርንጎና ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር የጨርቅ ኳስ ስንጫወት አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ቆመ።

ጨዋታውን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ አዲስ አበባ ሳለሁ ፈረንሳዊቷ መምህሬ ናት ያስተማረችኝ። በአገሯ የሴቶች ቡድን በረኛ ነበረች። አንድ ዓመት የፈረንሳይን ዋንጫ ወሰዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት በአንዲት ጎል ተሸንፈው ሜዳው ላይ ተላቀሱ፤ በሦስተኛው መልሰው ወሰዱት። ስለ ሽንፈቱ ስትነግረን ትናንት የሆነ ይመስላት ነበር።

አሁን ጣሊያኖቹ የተማረ ሰው እየለቀሙ ይገድላሉ። ፈረንሳይኛ ማወቄን ከእናቴና ከትርንጎ በቀር ማንም አያውቅም።

«ሴት ኳስ ስትጫወት የት አያችሁ?» አለን አስተርጓሚው።

«ወንዶቹን አይተን ነው፣ ጌታዬ» አለች ትርንጎ።

መኮንኑ ፈገግ አለና ድንገት በፈረንሳይኛ «በረኛዋ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሳላስበው እጄ ብድግ አለ። ቶሎ ብዬ ነጠላዬን የማስተካክል መሰልሁ። አይቶኛል።

ሲሄዱ አስተርጓሚው «ነገም ተጫወቱ፤ ጌታው ሊያይ ይመጣል» አለን።

እናቴ «ሳይነጋ ወደ መርጡለ ማርያም ሂጂልኝ፣ ልጄ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ብጠፋ ግን ትርንጎን ነው የሚይዟት። ስለዚህ ነገ ለጨዋታው እወጣለሁ። መኮንኑ ከኋላዬ ሆኖ በፈረንሳይኛ ቢጠራኝ እንዴት አድርጌ ዞር እንዳልል ግን አላውቅም።