አንድ እግሩ ያላለቀ ሱሪ

ውድ ማቴዎስ፣

ሱሪህ አለቀ። ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው። ደብዳቤውን የምልክበት አድራሻ የለኝም። ያኔ ከጦሩ በሰጡን የፖስታ ቁጥር ስጽፍ ከርሜ አንድም መልስ አላገኘሁም። ቢሆንም አንተን ሳላናግር ልብስህን አስረክቤ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

መጀመሪያ የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? እናቴ ትታልኝ ባለፈችው የስፌት መኪና፣ እዚህ ሲቀላ ገበያ ጥግ ባለች ሱቄ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ካኪ፣ ካኪ፣ አሁንም ካኪ! አገሩ ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ይመስል ነበር። አንተ ከሙዝ እርሻ እንደወጣህ፣ ጭቃህን እንኳ ሳታራግፍ መጣህና፣ «እህቴ፣ መኪናሽን ታውሺኛለሽ?» አልከኝ።

«ሰው የስፌት መኪና ይዋሳል እንዴ? ጨርቅህን ስጠኝና ልስፋልህ።»

«የኔን ልብስ ሰው አይሰፋውም። ሰው የሚሰፋው ሰው የሚለብሰውን ነው።»

ጥጋብህ! ደግሞ ሳልፈቅድልህ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልክ። ከዚያማ ጉድ ሆነ። የሸማኔ ልጅ አይደለህ? እግርህ የለመደው የአባትህን የሽመና ጉድጓድ ነውና መርገጫውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያፈራረቅህ ትረግጠው ጀመር። መኪናዬ ወደ ኋላ ዞራ ክሬን ቅጥቅጥ አደረገችው። በሁለት እግር እኩል እንደሚረገጥ እስክትለምድ ድረስ ስንት ክር እንደጨረስክብኝ እግዜር ይወቀው። እንዲያ የሳቅሁበት ቀን ከዚያ በኋላም የለኝም።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ትመጣ ነበር። ከዱቄት ጆንያ ሸሚዝ አወጣህ፤ ጀርባው ላይ የነበረውን ጽሑፍ እንኳ ሆን ብለህ ተውከው። ለእኔ እጅ እስከ ክርን የሚውጥ ኪስ ያለው ቀሚስ ሰፋህልኝ። ለብሼው ስወጣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ምን ደብቃ ነው?» አለኝ። አባባ ራሱ፣ እንደምታውቀው አቶ ገብረእግዚአብሔር በቀላሉ የማይስቅ የጎጃም ሰው፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ልብስ ነው ወይስ ስልቻ የሚሰፋልሽ?» ብሎ ሳቀ።

ሱሪው ግን የሁሉም አለቃ ነበር። አቡጀዴውን በጥቁር ቀለም ቀቀልነው፤ ሲያልብህ ቀለሙ እየለቀቀ እግርህን አክስሎት ነበር። ከጉልበት በታች ሰፊ፣ በጣም ሰፊ። «ቤልቦተም ካለፈበት ስንት ዘመኑ!» ስልህ «ይሄ ቤልቦተም አይደለም፤ እዪው፣ ዶርዜ ነው» አልክና ቀኝ እግሩን ከጉልበት እስከ ታች ሰንጥቀህ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው የሸማኔ ጨርቅ፣ ዱንጉዛ፣ አስገባህበት። ከሞቱት አያትህ አሮጌ ሱሪ የተረፈ ቁራጭ ነበር። ለአንድ እግር ብቻ በቃ።

ለግራው እግር ጨርቅ ልትለምን ከአባትህ ዘንድ ስትሄድ አብሬህ ነበርኩ። ጋሽ ኦይታ ከሽመናቸው ቀና ብለው ሱሪህን ከላይ እስከ ታች አዩት። የሚቆጡ መስሎኝ ወደ በሩ ተጠግቼ ነበር።

«ዱንጉዛ የሽማግሌ ልብስ ነው» አሉ። «ሰው አስታርቆ፣ ሸንጎው አደባባይ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ቃሉ የሚሰማ ሰው ይለብሰዋል። አንተ ማንን አስታረቅክ? ሽማግሌ ስትሆን እኔ ራሴ እሠራልሃለሁ።»

«እስከዚያ ግራ እግሬ አኩርፎ ይኑር?»

«ይኑር!» አሉና መወርወሪያቸውን ወረወሩ። እንዲህ ይበሉ እንጂ ከጢማቸው ሥር ሲስቁ አይቻቸዋለሁ፤ ያኔ አልነገርኩህም።

አንተም እንዲሁ ለበስከው። ልጆች «ባለ አንድ እግሩ!» እያሉ ተከተሉህ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቃደ መንገድ ላይ አስቁሞህ «ይሄ የሰርከስ ነው የአብዮት?» ቢልህ፣ «የገዛ እጄ ሥራ ነው ጓድ፤ ላብ አደር ነኝ» አልከው። እኔ በመስኮት ሆኜ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንተ እቴ፣ ምን ቆርጦህ!

የመጨረሻዋ ቀን መስከረም መባቻ ላይ ነበረች። «ለመስቀል ዶርዜ ስንወጣ አባቴን አሳምናለሁ፤ አንቺ ግራውን እግር ተርትረሽ ክፍት አድርገሽ ጠብቂኝ» ብለህ ሱሪህን ከመጋረጃ ጀርባ አወለቅህ። የምትለብሰው አልነበረምና የአባባን ካኪ ሱሪ አዋስኩህ። ወገቡ ሰፍቶህ በሲባጎ አሰርከው። በሩ ላይ ዞር ብለህ ምን እንዳልከኝ አልረሳም። «ጽጌ፣ እኛ አገር በመስቀል ገበያ አዲስ ሙሽሮች ለብሰው ወጥተው ይታያሉ። አንቺን ባለ ኪሱን ቀሚስ አልብሼ ባወጣሽ ሰው ምን ይላል?»

«ሂድ እቴ! መጀመሪያ የራስህን ሱሪ ታጠቅ» አልኩህ። ለዚያ ሁሉ ነገር የሰጠሁህ መልስ ይኸው ነው። እወድህ ነበር ማቴዎስ። እንዴት አድርጌ እንደምወድህ አሁን ብጽፈው ምን ይሠራል?

ኩልፎ ድልድይ ላይ አፈሳ ነበር። በዚያ በጉድ ሱሪህ ብትሆን ገና ከሩቅ ስትመጣ የሚያውቅህ ሰው «ተመለስ» ይልህ ይሆን ነበር፣ ወይ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ይይዙህ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዕድሜህን ሙሉ ሌላውን ሰው መምሰል እንቢ ብለህ በአባቴ ካኪ መሄድህ ነው። የጦሩ መኪና ላይ ስትጫኑ ያየ ሰው አንተን ከሌላው መለየት አቅቶት እንደነበር ነገረኝ። አባባ ሱሪውን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

ግራውን እግር ተርትሬ እንደከፈትኩት አስቀመጥኩት። እኛ ሰፊዎች መቼም «ነገ ና» በማለት የታወቅን ነን፤ አንተ ደግሞ «ልብሱ ሰፊ ቤት ያለ ሰው የትም አይሄድም፤ ሲመላለስ ይኖራል» እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ቀልዱን አመንኩት። ለግራው እግር ሌላ ጨርቅ አጥቼ አይደለም፤ ያላለቀ ሥራህ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ተመልሰህ የምትመጣ መስሎኝ ነው። ልብስ ለማውጣት የመጣ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ አይቶት «ይሄስ?» ሲለኝ «ባለቤቱ ይመጣል» እል ነበር።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችሁ ልጅ ካሱ አንድ እጁን አጥቶ ከግንባር ተመለሰ። እናትህ ደጁ ላይ ውለው አደሩ። በመጨረሻ ካሱ እያለቀሰ «እሱ ከነበረበት ጦር የወጣ ሰው አላየሁም፤ ማንም አልወጣም» አላቸው። መርዶውም ይኸው ሆነ። ወረቀት እንኳ አልመጣም።

ሰሞኑን ታዲያ እናትህ እማማ ማሚቱ ሱቄ መጡ። እንደ ሁልጊዜያቸው በዚያ በዶርዜ አማርኛቸው «አንተ» እያሉ ነው የሚያናግሩኝ፤ «እናቴ ወንድ አደረገችሽ» እያልክ የምትስቀው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ትዝ አለኝ።

«ጽጌ፣ ደህና ነህ? የማቴ ሱሪ አለ አንተ ጋ?»

«አለ እማማ። ግን አላለቀም።»

«ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ሬሳ የለም። ሬሳ ከሌለ ልብስ ይወጣል። ሌላው ልብስ የማንም ይመስላል፤ እሱ ነው የልጄ።»

«አላለቀም እኮ እማማ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ በእናትህ ላይ! እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከነጠላቸው ሥር አንድ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አዲስ ዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጥለቱ እንዲያ የጠበቀ ሥራ አይቼ አላውቅም።

«አባቱ ሠራ» አሉኝ። «ሽማግሌ እስኪሆን አልጠብቅም፣ አለ።»

ማቴዎስ፣ ያን ጊዜ ነው አንተ የሞትክብኝ። ካሱ ሲናገር አላመንኩም ነበር፤ አባትህ ሲሠሩልህ አመንኩ።

ሰፋሁት። ምን ላድርግ? ሚስትህ አይደለሁ፣ እጮኛህ አይደለሁ፣ በምን አፌ እንቢ ልበል? የቀኙን እግር አይቼ ለግራው ዱንጉዛውን ቀደድኩ፤ አንተ ያጣመምከውን ስፌት እንኳ እንዳይለይ አጣምሜ ሰፋሁት። የመጨረሻውን ጠርዝ በእጄ ቀመቀምኩና ክሩን ሳልቋጨው ተውኩት። ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው የሚያየው አልመሰለኝም። ያቺን ታህል እንኳ ያላለቀች ነገር ትኑረኝ ብዬ ነው።

ለቅሶው ዶርዜ፣ አያትህ ቤት ደጅ ላይ ነበር። ብርዱ አይጣል ነው። ቤተ ክርስቲያናችሁ መንግሥት እንዳሸገው ስለሆነ መዝሙሩ ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ ተዘመረ፤ ከውጭ ደግሞ የአባትህ ወገኖች ሱሪህን በረጅም ዘንግ ላይ ሰቅለው እየዞሩ አለቀሱ። ሁለቱም እግሮች ነፋስ ገብቶባቸው ሰፍተው ነበር። እንዳሰብከው አማረ፤ ከዚያም በላይ አማረ። ባለ ኪሱን ቀሚስ ለብሼ ከኋላ ቆሜ ነበር። አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አዩኝና «አንቺስ ልጄ፣ ምኑ ነሽ?» አሉኝ።

«ልብስ ሰፊው ነኝ» አልኳቸው።

ዘንጉ አባትህ ፊት ሲደርስ ጋሽ ኦይታ እጃቸውን አነሱና አስቆሙት፤ ዝቅም አስደረጉት። ሸማኔ የተፈታ ክር አይቶ አያልፍም። የተንጠለጠለችውን ክር በጣታቸው ያዟት፤ ቀና ብለውም ከሰዉ መሃል እኔን ፈልገው አዩኝ። የገባቸው ይመስለኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው አጥብቀው ቋጯትና የተረፈውን በጥርሳቸው በጠሱት።

ሱሪውን እናትህ ሳጥናቸው ውስጥ ከተውታል። ግድግዳዬ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ ዛሬ ጠዋት የአንድ ተማሪ ካኪ ሰቀልኩበት። እኔ ዘንድ የቀረህ ሥራ የለም፣ ማቴዬ። የሚያመላልስህ ምክንያት አጣሁልህ።

ልብስ ሰፊህ፣
ጽጌሬዳ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.