ለሰርግሽ የቆረጥኩት ኮት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከሱቁ

ለቁልፌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደለመደው ያጉረመርማል፣ እሷም አብራው ታጉረመርማለች። ፊት ለፊታችን የነበረው ጫማ ሰፊ ለቆ ስልክ ጠጋኞች ገብተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ነው።

ለሰርጌ ልበሰው ብለሽ የላክሽው ሱፍ ደረሰ። ጨርቅ ማለት እሱ ነው። ስቆርጠው መቀሱ አስቸገረኝ፤ ዶልዱሟል ብዬ አስሳልኩት። ልኬን አልወሰድኩም። ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ በቃሉ ነው የሚያውቀው፣ የኔ ደግሞ ካገባሁ ጀምሮ ተለውጦ አያውቅም። ሰፍቼ ስለብሰው ትከሻው ክንዴ ላይ ወረደ፣ ሆዱ አልቆለፍ አለ። የሱሪው ወገብ ጠቦኝ እግሩ ግን ሁለት እኔን ይይዛል።

"የማንን ልብስ ነው የለበስከው?" አለች እናትሽ። መሳቅ ጀምራ ተወችው።

ጉበቴን ታውቂዋለሽ፣ የቆየ ነገር ነው። ሚዛን ላይ ስወጣ ኪሎዬ ንቅንቅ ስለማይል ደህና ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ለጉበት ይከብዳል ብለን ሥጋና እንቁላል ከተውን ቆየን፤ ማታም በጊዜ ቀማምሼ እተኛ ነበር። ኮቱን ባየች ማግስት እናትሽ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ እጇን አጥብቄ እንድጨብጥ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣ ሳልደገፍ ከወንበር እንድነሳ። አልተነሳሁም።

"አባባ፣ ኪሎውን የያዘው የሆድዎ ውኃ ነው። ጡንቻዎ አልቋል" አለችኝ። "ጉበት ሲዳከም ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። እንቁላል ማን ከለከለዎት?"

እናትሽና እኔ ተያየን። ማንም አልከለከለኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው።

አሁን እንቁላል ነው፣ ባቄላ ነው፣ ልተኛ ስል እንኳ እናትሽ አንድ ነገር ሳልበላ አትለቀኝም። ከወንበር መነሳት እለማመዳለሁ። እናትሽ ትቆጥራለች፣ ታጭበረብርልኛለችም። አንቺ ጋ ስለመምጣት ሐኪሟን ጠየቅኳት። "እስቲ እናያለን" አለች፣ እናትሽን እያየች።

ምን ተሰማህ ካልሽኝ፣ ምንም። ደንዝዣለሁ። መቀሱ ትናንትም አልዘጋ አለኝ፤ አስቀመጥኩትና ሻይ ጠጣሁ። ስለቱ መጀመሪያውኑም ምንም አልሆነም ነበር።

ኮቱን ተረተርኩት። ፎቶው ላይ እንዳየሁት የእጮኛሽ ትከሻ የድሮው የኔ ትከሻ ነው። ልኩን ላኪልኝ፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ፣ ወገብ። በግምት እንዳይሆን፣ በሜትር ለኪው። እኔ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ እናትሽ ትቆርጣለች። አንተስ ምን ትለብሳለህ እንዳትይኝ።

ቤታችሁ ሳቅ አይጉደልበት። ከወለድኩሽ ቀን ጀምሮ ያስደሰትሽኝን ያህል ልጆችሽ ያስደስቱሽ።

አባትሽ

ቲኬቱን ስትቆርጪ ለእናትሽ መስኮት አጠገብ ያዢላት። ብቻዋን ስትሆን ውጭ ውጭውን ማየት ትወዳለች።